ያስተካከልኩት እርካብ

እናንተ ልጆቻችሁን ለስፖርት ክለብ ሰጥታችሁ ሥራችሁ ላይ የምትውሉ ወላጆች፣ እናንተ አሰልጣኞች፣ እናንተም እንደኔ ጥግ ይዛችሁ ሁሉን እያያችሁ ዝም የምትሉ ሰዎች፣ ትንሽ ጆሮ ስጡኝ። እኔ ተናጋሪ አይደለሁም። አርባ ዓመት ሙሉ ኮርቻ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በክር ካልሆነ በቃል ነገር ማያያዝ አይሆንልኝም። ይህን ነገር ግን ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው መቀበር አልፈልግም።

የምሠራው በአንድ የወጣቶች የፈረስ ግልቢያ ክለብ ውስጥ ነው። ከጋጣዎቹ ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ የኮርቻ ክፍል እንላታለን። አንድ መስኮት፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ከአንድ እስከ አሥራ ስምንት ቁጥር የተጻፈባቸው የእንጨት መስቀያዎች አሏት። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ እያንዳንዳቸው ኮርቻቸውን አውርደው ፈረሳቸውን ይጭናሉ፣ ሁለት ሰዓት ይጋልባሉ፣ ከዚያ ኮርቻውን መልሰው ሰቅለው ወደየቤታቸው ይበተናሉ። ከዚያ በኋላ ተራው የኔ ነው። ላቡን እጠርጋለሁ፣ የላላ ስፌት አጠብቃለሁ፣ የደረቀውን ቆዳ ቅባት አጠጣለሁ። ልጆቹ "አባባ ወስፌ" ይሉኛል፤ ወስፌ ከእጄ ስለማይለይ ነው። የዚህ ዓይነት ስም አይከፋም፤ ሥራህን አይተው ወደውህ ያወጡልህ ነው።

ክለቡ አንድ ጥሩ ደንብ ነበረው። የሠራተኛ ልጅ በነፃ ይጋልባል። በዚህ ደንብ የገቡት ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው። አንደኛው የልጄ ልጅ ነው። እናቱ ካረፈች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አባትም እናትም እኔው ነኝ። እንደ እናቱ ግራኝ ስለሆነ ቤትም ክለብም "ግራኙ" ነው የሚባለው። ሁለተኛዋ የጋጣ ጠራጊያችን ልጅ ናት፤ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ረጋ ያለች፣ ከሰው ይልቅ ከፈረስ ጋር ማውራት የሚቀናት ልጅ ስለሆነች እኔ "ጭምቷ" እላታለሁ። ልጆቹ ግን ሌላ ስም አወጡላት። እናቷ የፈረስ ፋንድያ ስለምትጠርግ "ፋንድያ" አሏት።

አንድ ቀን እናትየው አካፋዋን ይዛ በቆመችበት "ፋንድያ! ነይ እንጂ፣ ፈረስሽ ይጠብቅሻል!" ብለው ተጣሩ። እናትየው ቀና ብላ አየቻቸው፤ መልሳ አጎነበሰች። እኔም በመስኮቴ አየሁ፤ መልሼ ስፌቴ ላይ አጎነበስኩ። የልጅ ነገር፣ ነገ ይተዉታል አልኩ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ያን ቀን ከመስኮቴ አንገቴን አውጥቼ "ምን አላችሁ?" ብል ኖሮ ወጪው አንድ ቃል ነበር።

እውነቱን ልናገር ካልኩ ሁሉንም ልናገር። ግራኙንም መጀመሪያ ላይ "ጠፍር" ይሉት ነበር፤ ቆዳ ቆዳ ይሸታል ብለው። እየመጣ ትራሱ ላይ ያለቅስ ነበር። ከዚያ ድንገት ተዉት። ከረጅሟ ጋር መሳቅ፣ መውጣት፣ መግባት ጀመረ። ረጅሟ የምላት የክለቡ ሊቀመንበር ልጅ ናት፤ የልጆቹ ሁሉ አለቃ እሷ ነበረች። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። እናት የሌለው ልጄ ከሰው ልጅ እኩል ሆነልኝ ብዬ እግዜርን አመሰገንኩ። ምን ከፍሎ እንደተዉት ግን አልጠየቅኩትም።

ከፈረስ ጋር ላልተዋወቃችሁ ትንሽ ላስረዳ። እርካብ ማለት የጋላቢው እግር የሚገባበት ብረት ነው፤ በኮርቻው ግራና ቀኝ በጠፍር ይንጠለጠላል። ጠፍሩ እንደ ሱሪ ቀበቶ ቀዳዳና ዘለበት አለው። አንደኛው ወገን በሁለት ቀዳዳ ካጠረ ጋላቢው ያጋድላል። ጥፋቱ የጠፍሩ ነው፤ ከሩቅ የሚያይ ሰው ግን የተጣመመው ልጅየው ይመስለዋል።

አንድ ቀን ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ሰባት ቁጥርን አወረድኩ። የጭምቷ ኮርቻ ነው። የግራው ጠፍር ከቀኙ ሁለት ቀዳዳ አጥሯል። ቆዳ ነገር አይረሳም፤ ዘለበቱ የኖረበት ቀዳዳ ጠባሳ አለው። አዲሱ ቀዳዳ ገና ጠባሳ አልያዘም፤ የዚያኑ ቀን የተደረገ ነው። ልጂቷ ፈረሷን ጭና ሄልሜቷን ልታመጣ ስትሄድ ማለት ነው። ቀጥዬ የጠፍሩን ጫፍ አየሁ። ቀኝ እጁ የሚቀናው ሰው ጫፉን ወደ ኋላ ነው የሚሸጉጠው። ይሄ ወደ ፊት ተሸጉጧል። በዚያ ክለብ ውስጥ ጠፍር ወደ ፊት የሚሸጉጥ አንድ እጅ ብቻ ነው ያለው። እኔ ነኝ ያስተማርኩት፤ በሰባት ዓመቱ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ።

ታዲያ ምን አደረግኩ? አስተካከልኩት! ሁለቱን እርካብ በሜትሬ ለካሁ፣ ጫፉን ወደ ኋላ ሸጎጥኩ፣ ቅባት ቀባሁ፣ ሰቀልኩት። ጎሽ! ደግ ሰው! ለልጂቷም አሰብኩላት፣ ለልጄም ሸፈንኩለት ብዬ ሻዬን ጠጥቼ ተኛሁ። በሳምንቱ ሁለቴ ደገሙት፣ እኔም ሁለቴ አስተካከልኩ። በሚቀጥለው ሦስት ሆነ፣ ሦስቴ አስተካከልኩ። ጭምቷ ግን እየጋለበች ያለችው በተዛባው ነው። እኔ የማስተካክለው እሷ ከወረደች በኋላ ነው።

"ሰባት ቁጥር!" ይጮኻል አሰልጣኙ፣ ሜዳው መሃል ቆሞ። "ቀጥ በይ! ምን እንደ አሮጌ በር ትጋድያለሽ?"

"ጋሼ፣ እናቷ ያስተማረቻት ማጎንበስ ነዋ!" ትላለች ረጅሟ። ሳቅ። አሰልጣኙ አይስቅም፤ ግን "ዝም በሉ"ም አይልም። ክፉ ሰው አልነበረም። ፈረስ ቢያነክስ ከሁሉ ቀድሞ የሚያይ ሰው ነው። ልጅ ስታነክስ ግን አላየም።

ጭምቷ አንድ ቀን ደፍራ ነገረችው። "ጋሼ፣ እርካቤን ሰው ነክቶብኛል። አሁኑኑ ይዩልኝ።"

"አሁን ሥራ ላይ ነኝ። አየዋለሁ" አላት።

ያየው በማግስቱ ነው። ልጆቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ወደ ኮርቻ ክፍል ገባና ሰባት ቁጥርን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። "አባባ፣ እስቲ ሜትርዎን" አለኝ። ሰጠሁት። ግራውን ለካ፣ ቀኙን ለካ።

"ይኸው! እኩል ነው። የፀጉር ያህል ልዩነት የለውም።"

"ትናንት ግን..." አለች።

"ትናንት ምን? ጠፍሩ ሌሊት ተነስቶ ራሱን አስተካከለ?" ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አባባ፣ በየቀኑ የሚያጸዱት እርስዎ ነዎት። ያዩት ነገር አለ?"

ከአሰልጣኙ ትከሻ ኋላ ግራኙ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። ጭምቷ ደግሞ እኔን፣ እኔን ብቻ ነው የምታየው።

"ኮርቻው ደህና ነው" አልኩ።

አያችሁ፣ አልዋሸሁም። ደህና ነበር። እኔ ነኛ ደህና ያደረግኩት! የልጂቷን ማስረጃ በገዛ እጄ አጥቤ፣ ቅባት ቀብቼ፣ ሰቅዬ ስጠብቃቸው ነበር። ከውሸት የከፋ እውነት አለ ቢሉኝ ከዚያን ቀን በፊት አላምንም ነበር።

"ሰው ላይ ማሳበብ ነውር ነው" አላት አሰልጣኙ። "ጓደኞችሽን ይቅርታ ጠይቂ። ሁለተኛ ደግሞ እርካብ ስትነካኪ እንዳላይሽ።" እሷም አንድ በአንድ እየዞረች ይቅርታ ጠየቀች። ግራኙ ጋ ስትደርስ እሱ የጫማውን ክር ሊያስር አጎነበሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ "ፋንድያ" ላይ "ውሸታሟ" ተጨመረ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ብቻዬን ሳለሁ ወደ ክፍሌ መጣች። በሩ ላይ ቆማ "አባባ፣ ሜትርዎን ያውሱኛል?" አለችኝ።

"ለምንሽ ነው?"

"እግሬን ልለካ። እቤት በሲባጎ ለክቼው ነበር፤ ሲባጎ ግን ይለጠጣል፣ አላመንኩትም።"

"እግርሽን ደግሞ ምን ሆነሽ ነው የምትለኪው?"

"እርካቡ እኩል ከሆነ እኮ እግሬ ነው ማለት ነው" አለችኝ፣ የሒሳብ ጥያቄ እንደምታስረዳ ልጅ። "አንዱ አጥሮ ነው የማጋድለው። ለእማዬ አልነገርኳትም፣ ትጨነቃለች።"

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ካልሲዋ ተረከዙ ላይ በሌላ ቀለም ክር ተጥፏል። ከዳሌዋ እስከ ተረከዟ ቀኙን ለካሁ፤ ሰባ ስምንት። ግራውን ለካሁ፤ ሰባ ስምንት።

"እኩል ናቸው።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"አርባ ዓመት የለካሁ ሰው ነኝ።"

"ታዲያ ለምንድን ነው የማጋድለው?"

ጎበዝ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። የሚሰማ የለም፣ የሚያፍር የለም። "እርካብሽን እያሳጠሩብሽ ነው፣ የሚያሳጥረውም የገዛ ልጄ ነው" ማለት ብቻ ነበር የሚቀረኝ። እኔ ግን "ትለምጂዋለሽ" አልኳት። "እሺ አባባ፣ አመሰግናለሁ" ብላኝ ወረደች። አመሰገነችኝ! አፈር በበላሁ።

እቤት ገብቼ እራት ላይ ግራኙን "እጅህን ሰብስብ" አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። እሱም "የቱን እጄን?" አላለም፤ ጆሮው ቀላ። ሦስት ሳምንት ኮርቻው ሳይነካ ከረመ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። እኔም ሳይቃጠል ያጠፋሁት መስሎኝ ነበር፤ ለካ አመድ ነው ያለበስኩት።

በነዚያ ሦስት ሳምንታት የሆነውን ብታዩ! ጭምቷ ዳማው ላይ ቁጭ ስትል ሌላ ልጅ ሆነች። ዳማው ማንም የማይደፍረው አመለኛ ፈረስ ነው፤ ለሷ ግን አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። በሶምሶማ ሲወስዳት ከጋማው ጋር የበቀለች ነው የምትመስለው። አሰልጣኙ ሳይቀር "ይቺ ልጅ ምን በላች?" አለ። ለውድድር አራት ልጆች ሊመረጡ ነበርና የረጅሟ ቦታ አጠራጣሪ ሆነ።

የምርጫው ቀን ደረሰ። ወላጆች አግዳሚ ወንበሮቹን ሞልተዋል። የጭምቷ እናት አካፋዋን አስቀምጣ፣ የታጠበ ሻሽ አስራ፣ አጥሩ ጫፍ ላይ ቆማለች። ነይ ተቀመጪ ያላት የለም። እኔ በመስኮቴ ነኝ። ጭምቷ ዳማው ላይ ሆና፣ እግሯን ገና እርካብ ውስጥ ሳታስገባ፣ በፊቴ አለፈች። ፈገግ ብላ እጇን አነሳችልኝ። ያን ጊዜ የግራው ጠፍር ጫፍ ታየኝ። ወደ ፊት ተሸጉጧል።

አፌን ከፈትኩ። ግራኙን በዓይኔ ፈለግኩት፤ አጥሩ ጋ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሊቀመንበሩን አየሁ፣ አግዳሚውን ሙሉ ሰው አየሁ። ልጄን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት? አልኩ በልቤ። አንድ ዙር ትሂድና ስትመለስ በዘዴ እጠራታለሁ አልኩ። አፌን ዘጋሁ።

እሷም አውቃለች። እግሯን እርካብ ውስጥ ስታስገባ ፊቷ ሲቀየር አይቻለሁ። ግን ለማን ትናገር? አንዴ ተናግራ ስንት ይቅርታ ጠይቃለች። ልጓሙን ጠበቅ አድርጋ ሄደች። የመጀመሪያውን መሰናክል ዘለለች። ሁለተኛውን ዘለለች፤ ወደ ቀኝ ስታዘነብል አየሁ። ሦስተኛው ላይ ዳማው ሲነሳ እሷ አብራው አልተነሳችም። በቀኝ ጎኗ የመሰናክሉ ግንድ ላይ ወደቀች። አጥንት ሲሰበር የሚሰጠው ድምፅ እስከ መስኮቴ ይሰማል ብላችሁ ታምናላችሁ?

እናትየው አጥሩን እንዴት እንዳለፈችው የሚያውቅ የለም። "አለሁልሽ፣ አለሁልሽ" ብቻ ነበር የምትለው። አሰልጣኙ ፊቱ ነጭ ሆኖ "ነግሬያታለሁ እኮ! ሚዛን የላትም ብያለሁ እኮ!" እያለ ይጮኻል፤ ማንም ሳይጠይቀው።

ወደ ማምሻው ግቢው ባዶ ሲሆን የፈረሶቹ ኃላፊ ባልደራሱ ሰባት ቁጥርን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ። እጄ በልማድ ወደ ዘለበቱ ሄደ። ጣቴ ብረቱን ነክቷል። ከዚያ አስቆምኩት። እጄን ጭኔ መሃል ከትቼ ቁጭ አልኩ፤ እንባዬ ያንን ቅባት የጠገበ ቆዳ ሲመታው እሰማዋለሁ። በሩ ላይ ግራኙ መጣ።

"አባባ፣ አላስተካከልከውም?"

"አላስተካክለውም።"

"ሁልጊዜ እኮ ታስተካክለዋለህ።" ወደ ዘለበቱ ጠቆመ። "በመስኮት አይቼሃለሁ። ስታስተካክለው፣ ምንም ሳትለኝ ስትቀር... ያን ያህል ክፉ ነገር አይደለም ማለት ነው ብዬ ነው።"

ዱላ ቢያነሳብኝ ይሻለኝ ነበር። "ለምን አደረግከው? አንተም እኮ የሠራተኛ ልጅ ነህ" አልኩት።

"ስለሆንኩ ነዋ! ካልሳቅኩ ተራው የኔ ነበር። ረጅሟ 'አንተ ጠፍር ታውቃለህ፣ አሳጥርባት' አለችኝ። ካሳጠርኩባት ቀን ጀምሮ ነው 'ጠፍር' ማለት ያቆሙት። ዛሬ እምቢ ብዬ ነበር አባባ። 'እንግዲያው ነገ ትናንት ወደነበርክበት ትመለሳለህ' አለችኝ።" መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አቀፍኩት፤ ልጄ ነው፣ ምን አደርገዋለሁ? ግን እያቀፍኩት "ነገ እናገራለሁ" አልኩት። እሺ ብሎ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

በማግስቱ ኮርቻውን እንዳለ ተሸክሜ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት፤ ወረቀታቸውን ተጫነው። ሊቀመንበሩ እስክጨርስ ሰማኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አባባ፣ ነገሩን አናክርረው። ልጆች ናቸው፣ ተጫወቱ። የክለቡንም ስም ማሰብ ያስፈልጋል" አለኝ።

"ስም?" አልኩ። በሕይወቴ ሰው ፊት ጮኼ አላውቅም፤ ያን ቀን ጮህኩ። "ስምማ ልጂቷም ነበራት! ፋንድያ አላችኋት እንጂ!"

"የሚባረረው እኮ የራስዎ የልጅ ልጅ ነው።"

"አውቃለሁ። መጀመሪያ እኔን ጻፉኝ፣ ቀጥሎ እሱን። ከዚያ ያዘዘችውን ልጅ ጻፉ። ልጆቹ በፊቱ ሲሳደቡ ዝም ያለውንም አሰልጣኝ እንዳትረሱ።"

ሊቀመንበሩ ያዘዘችው ማን እንደሆነች አልጠየቀኝም።

ከዚያ ግራኙን ይዤ ወደ ጭምቷ ቤት ሄድኩ። በር የከፈተችው እናትየው ናት። አስገቢን አልኳት፤ የመጣሁበትን እዚያው ደጃፍ ላይ ነገርኳት። ሳትቆጣ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለችኝ። "ልክ ነሽ እቱ" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ከበሩ ዞር አለችልን።

ጭምቷ እግሯ እስከ ዳሌዋ በጀሶ ታስሮ ተጋድማለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መስኮቱ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

"እርካቤ የእውነት ተነክቶ ነበር?" አለች።

"ተነክቶ ነበር።"

"እንግዲያው አልዋሸሁም?"

"አልዋሸሽም ልጄ። አንድም ቀን አልዋሸሽም።"

ወደ እናቷ ዞረች። "አየሽ እማዬ? እኔ እኮ ራሴም መጠራጠር ጀምሬ ነበር።" ከዚያ ተመልሳ እኔን አየችኝ። "እግሬን የለኩኝ ቀንስ? ያን ቀን ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ብትሰድበኝ ተሸክሜው እሄድ ነበር።

ግራኙ አልጋው እግር ስር ቆሞ "ምን ላድርግልሽ? ያልሽኝን አደርጋለሁ" አላት። ፊቷን ከግድግዳው ሳትመልስ፣ "ለሁሉም ንገር" አለች። "እኔ ስናገር አላመኑኝም። አንተን ያምኑሃል።"

ነገራቸው። ልጆቹና ወላጆቻቸው በተሰበሰቡበት አዳራሽ፣ ኮርቻውን አሳይቶ እንዴት እንዳሳጠረው፣ ለምን እንዳሳጠረው፣ ማን እንዳዘዘው ተናገረ። አመኑት። ወዲያው ነው ያመኑት። እኔ ኋላ ተቀምጬ ይህ ማመናቸው እንዴት እንደቆረጠኝ አትጠይቁኝ። ረጅሟ አለቀሰች፤ አባቷም ወንበሩን ለሌላ ሰው ለቀቀ። አሰልጣኙ ታገደ። ሲወጣ ክፍሌ ጋ ቆሞ "አባባ፣ ማስረጃ ነው የጠየቅኳት እንጂ ሌላ ምን አደረግኩ?" አለኝ። "የሚያጠቋትን በዙሪያዋ አቁመህ ነው የጠየቅካት" አልኩት። ግራኙም አንድ ዓመት ተቀጣ። ዓመቱ አልፏል፤ ፈረስ አምጡልኝ ብሎ ግን እስካሁን አልጠየቀም።

አሁን ክለቡ ውስጥ የልጅ ቅሬታ የሚሰማ አንዲት ሴት አለች፤ አሰልጣኝም የማንም ዘመድም አይደለችም። ልጅ የተናገረው በዚያኑ ቀን ይጻፋል፣ ልጅየውም በሌሎቹ ፊት ሳይሆን ለብቻው ይጠየቃል። በንቀት ስም ያወጣ ልጅ ወላጁ ይጠራል። አንዱን ደንብ እኔ ነኝ ያስጨመርኩት፤ የተዛባ ዕቃ ያገኘ ሰው አያስተካክል፣ እንዳለ ትቶ ሰው ይጥራ። ጥሩ ደንቦች ናቸው። የመጡት ግን በአንዲት ልጅ አጥንት ነው።

እናትየው ወደ ጋጣው አልተመለሰችም። ዳማው ለብዙ ጊዜ ሰው በመጣ ቁጥር አንገቱን ከጋጣው እያወጣ ያይ ነበር፤ ኋላ ተወው።

ከስምንት ወር በኋላ አንድ ከሰዓት በሬ ላይ ጥላ አየሁ። ጭምቷ ናት። አድጋለች። ቀስ ብላ ገባችና ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። "አባባ፣ ይለኩኝ" አለች።

ለካኋት። ግራው ሰማንያ። ቀኙን ሁለቴ ለካሁት፤ እጄ አላምን ብሎ።

"አጥሯል" አልኳት። "ሁለት ሴንቲ።"

ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ እንደምታውቀው ሁሉ። ወረደች፣ ጫማዋን አጠለቀች፣ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። "አሁንስ ለምን እንደማጋድል አወቅኩ" አለችና ሄደች። ዳማውን ሳታየው ነው የሄደችው።

ወገኖቼ፣ ልጅ ሲነካ ያየ ሰው ሁሉ ቁስሉን ደብቆ በማከም ደግ የሆነ ይመስለዋል። እኔ መስሎኝ ነበር። በዝምታ ያስተካከልነው በደል ከተበዳዩ አፍ ላይ እውነቱን እንደ መቀማት ነው። ለበዳዩም ልጅ ደግ አልሆንኩለትም፤ ዝም ያልኩ ጊዜ ቀጥል ያልኩት መስሎታል። ልጃችሁ መጥቶ "ነኩኝ" ካላችሁ ሜትር ከማምጣታችሁ በፊት እመኑት። ሥራ ላይ ነኝ አትበሉት። የገዛ ልጃችሁ በዳይ ሆኖ ብታገኙትም፣ ያን ጊዜ ይበልጥ፣ ተናገሩ።

ሰባት ቁጥር ኮርቻ ዛሬም መስቀያው ላይ ነው፤ ግራው በሁለት ቀዳዳ እንዳጠረ፣ ጫፉም ወደ ፊት እንደተሸጎጠ። የሚጋልብበት የለም። ሌሎቹን ሳጸዳ አንዳንዴ እጄ ሳላዘው ወደ ዘለበቱ ይሄዳል። እመልሰዋለሁ።